ካርል ሉድቪግ፦ እያደር የጠራ እውነት

ተማሪዎች፣ ጉሽ ጠላ በጨርቅ ሲጠለል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጨርቁ ጠበቅ ተደርጎ ሲጨመቅ ፈሳሹ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ሲላላ ጠብታው ይዘገያል፤ አተላው ግን በሁለቱም ጊዜ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ይህን የመሰለ ቀላል ሥራ በሰው ኩላሊት ውስጥም ይፈጸማል ብሎ ያሰበ አንድ ወጣት ሐኪም ነበረ። ሐሳቡ ደም በኩላሊት ውስጥ እንዴት እንደሚጣራ ለሚያስረዳው ትምህርት መሠረት ሆነ። ይሁን እንጂ በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ እርሱም እውነቱ ሳይረጋገጥለት ዐረፈ። ይህ ሰው ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ነው። የሕይወት ታሪኩን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በልቡናችሁ ያዙ፤ የአንድ ሰው ሐሳብ ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ ጎዶሎ ሆኖ ቢገኝ፣ ያ ሰው ተሳስቷል ይባላል ወይስ ተሳክቶለታል? በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስተውሉ።

ካርል ሉድቪግ በ1816 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ፣ ሄሰን በተባለው የጀርመን ግዛት፣ ቪትሰንሃውዘን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ዘመን ጦርነቶች በፈረሰኛ መኮንንነት ያገለገለ፣ ኋላም የመንግሥት ሹም የሆነ ሰው ነበር። ሉድቪግ በ1834 ዓ.ም. ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና መማር ጀመረ። በወጣትነቱ ግን ጭምት ተማሪ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲው ባለሥልጣኖች ጋር ተጋጭቶ ማርቡርግን ለቆ እንዲወጣ ተገደደ። በዚያ ዘመን የጀርመን ተማሪዎች በሰይፍ መጋጠም ልማዳቸው ነበርና፣ እርሱም በላይኛው ከንፈሩ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያልጠፋ ጠባሳ አተረፈ። በሌሎች ከተሞች ጥቂት ከተማረ በኋላ ወደ ማርቡርግ ተመልሶ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ያ ቁጡና እልኸኛ ወጣት እልኹን ከሰይፍ ጨዋታ መልሶ ወደ ምርምር ያዞረው ከዚህ በኋላ ነበር።

ሉድቪግ ሥራ የጀመረው በዚያው በማርቡርግ፣ የሰውነት አካላት አሠራር በሚጠናበት ክፍል ውስጥ ነው። በጊዜው ብዙ ሊቃውንት ሕያው አካል ከግዑዝ ነገር የተለየና ሊለካ የማይችል የሕይወት ኃይል አለው ብለው ያምኑ ነበር። ሽንት እንዴት እንደሚፈጠር ቢጠየቁም፣ ያ ኃይል በኩላሊት ውስጥ ስለሚሠራ ነው ብለው ነገሩን ይዘጉት ነበር። ለሉድቪግ ግን ይህ መልስ መልስ አልነበረም። የማይለካ ነገር ምንም ያህል ቢያስደንቅ ለመረዳት አያግዝም የሚል እምነት ነበረው። ስለዚህም የኩላሊትን ሥራ ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ሊረዳው በሚችል ኃይል ለመግለጽ ተነሣ።

ሐሳቡን ለመረዳት በመጀመሪያ የኩላሊትን የውስጥ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ የሰው ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ እርስ በርሳቸው የተጠቀለሉ ቀጫጭን የደም ሥሮችን የያዘ ነው። መልኩ የተፈተለ ጥጥ ልቃቂት ይመስላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ግሎሜሩለስም ትርጓሜው ትንሽ ልቃቂት ማለት ነው። ደም ወደ ልቃቂቱ በአንድ ገቢ የደም ሥር ይገባል፤ በሌላ ወጪ የደም ሥር ይወጣል። ልቃቂቱን ደግሞ እንደ ጽዋ የሆነ ሽፋን አቅፎታል፤ ከጽዋው ሥር ረጅምና ጠመዝማዛ ቱቦ ይነሣል። ይህን አሠራር አጥርቶ በመግለጽ የታወቀው እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን ነው። ቦውማን ከሉድቪግ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ ሲሆን፣ ጥናቱንም ያወጣው ሉድቪግ የራሱን ሐሳብ ባቀረበበት በ1842 ዓ.ም. ነበር። ቦውማን ግን ከልቃቂቱ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ሌላውን የሽንት ክፍል የቱቦው ሕዋሳት ያመነጩታል ብሎ ገመተ።

ሉድቪግ በዚያው ዓመት ለማስተማር ፈቃድ ያገኝበት ዘንድ ባቀረበው ጽሑፍ የተለየ መንገድ ተከተለ። ከልብ ተገፍቶ የሚመጣው ደም በልቃቂቱ ውስጥ ሲያልፍ የቀጫጭኑን ሥሮች ግድግዳ ይገፋል። በዚህም ግፊት ውሃና በውሃ የሟሙት ጥቃቅን ነገሮች፣ ማለት ጨውና ስኳር ዩሪያም ጭምር፣ ወደ ጽዋው ይጣራሉ። የደም ሕዋሳትና ትላልቆቹ ፕሮቲኖች ግን እንደ አተላው በደም ሥሩ ውስጥ ይቀራሉ። የተጣራው ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ሲጓዝ አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ የቀረው ወፍሮ ሽንት ይሆናል። እንግዲህ ኩላሊትን የሚያሠራው በሌላ ስፍራ የማይታይ ልዩ ምሥጢር ሳይሆን የደም ግፊት ነው ማለቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ሉድቪግ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ነገር ግን ሐሳብ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊት ሽንትን ይወስናል የሚል ሰው፣ ግፊቱን በየቅጽበቱ መለካት አለበት። ከእርሱ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች የእንስሳትን የደም ግፊት ሜርኩሪ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ለክተዋል። ዳሩ ግን ሜርኩሪው ከልብ ምት ጋር ፈጥኖ ሲወጣና ሲወርድ ዓይን ሊከተለው አይችልም ነበር። ሉድቪግ በ1846 ዓ.ም. ገደማ ለዚህ መላ አገኘ። በሜርኩሪው ላይ ተንሳፋፊ ነገር አኖረ፤ በተንሳፋፊው ላይም ብዕር አያያዘ፤ ብዕሩ በዝግታ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት እንዲነካ አደረገ። ሜርኩሪው በተነሣና በወደቀ ቁጥር ብዕሩ ሞገድ የመሰለ መስመር ይስል ጀመር። ካይሞግራፍ የተባለው ይህ መሣሪያ የአካልን እንቅስቃሴ በጽሑፍ አስቀረ። ዛሬ በሐኪም ቤት የልብን ምት በመስመር የሚያሳዩ መሣሪያዎችን ብታዩ፣ ሕያው አካል እንቅስቃሴውን ራሱ እንዲጽፍ የማድረጉ ሐሳብ ከዚህ ከበሮ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስቡ።

በ1847 ዓ.ም. ሉድቪግ ወደ በርሊን ሄዶ ከሦስት ወጣት ሊቃውንት ጋር ተዋወቀ። እነርሱም ሄልምሆልትስ፣ ብሩከና ዱ ቧ ሬይሞን ነበሩ። አራቱም የሕያዋንን አካል በፊዚክስና በኬሚስትሪ ሕግ ለመመርመር አንድ ልብ ሆኑ፤ ወዳጅነታቸውም ዘለቀ። ሉድቪግ በ1849 ዓ.ም. በስዊትዘርላንድ በዙሪክ፣ በ1855 ዓ.ም. በቪየና፣ በመጨረሻም በ1865 ዓ.ም. በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በዙሪክ ሳለ ፍሪድሪክ ጎል የተባለ ተማሪው የደም ግፊትና የሽንት መጠን ያላቸውን ግንኙነት በእንስሳት ላይ ፈተነ። ግፊቱ እንዲወርድ ሲደረግ የሽንቱ መጠንም ይቀንስ ነበር። ይህ ውጤት የሉድቪግን ሐሳብ የሚያጠናክር ሆነ።

በላይፕሲግ ለፊዚዮሎጂ ጥናት የተሠራው ተቋም በ1869 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሩሲያ፣ ከአሜሪካ፣ ከኢጣሊያ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም አገሮች ከ200 በላይ ወጣቶች ከሉድቪግ እግር ሥር ለመማር መጡ። ለእያንዳንዱ ለችሎታው የሚስማማ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ አብሮት በጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማል፤ መሣሪያውን ያስተካክልለታል፤ ብዙ ጊዜም ጽሑፉን ራሱ ያርምለታል። ሥራው ሲታተም ግን በአብዛኛው የሚወጣው በተማሪው ስም ብቻ ነበር። ሉድቪግ ስሙን በወረቀት ላይ ከመቍጠር ይልቅ ተማሪዎቹን መቍጠር የመረጠ መምህር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ክብር ሳለ ግን፣ በወጣትነቱ ባቀረበው የኩላሊት ሐሳብ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ተቃዋሚው በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሩዶልፍ ሃይደንሃይን ነበር። ሃይደንሃይን በእንስሳት ደም ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ጨምሮ ኩላሊታቸውን መረመረ፤ ቀለሙንም በልቃቂቱ ሳይሆን በቱቦው ሕዋሳት ውስጥ አገኘው። ስለዚህ ሽንትን የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው አለ። ከዚህም በላይ ሒሳብ አቀረበ። አንድ ሰው በቀን የሚያስወጣው ዩሪያ ሁሉ በማጣራት ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ኩላሊቶቹ በየቀኑ 70 ሊትር ያህል ፈሳሽ ማጣራት፣ ከዚያም ከሁለት ሊትር በቀር ሁሉንም መልሰው ወደ ደም ማስገባት ይኖርባቸዋል። ሁለት ጡጫ የማይሞሉ አካላት ይህን ያህል ሥራ ይሠራሉ ማለት ለብዙዎች ተረት መሰለ። የዘመኑ ሊቃውንትም አብዛኞቹ ወደ ሃይደንሃይን አዘነበሉ።

ሉድቪግ ይህን ሒሳብ የሚያፈርስበት መሣሪያ አልነበረውም። ልቃቂቱ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ነገር ስለሆነ፣ ከውስጡ ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር በዚያ ዘመን የማይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ክርክሩ ወደ ጠላትነት የሚያደርስ አልሆነም። ኋላ በዓለም የታወቀው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በ1880ዎቹ ወደ ጀርመን በመጣ ጊዜ ከሉድቪግም ከሃይደንሃይንም ዘንድ ተምሯል። በ1884 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ለሉድቪግ የኮፕሊ ሜዳይን ሸለመው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ በተወለደ በ78 ዓመቱ በላይፕሲግ ዐረፈ። ስለ ኩላሊት የነበረው ሐሳብ በዚያን ጊዜ በብዙዎች ዘንድ እንደተረታ ይቈጠር ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሉድቪግ ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ሪቻርድስና ጆሴፍ ዌርን የተባሉ አሜሪካውያን ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ሠርተው ከእንቁራሪት ኩላሊት ጽዋ ውስጥ ፈሳሽ ቀዱ። ፈሳሹም ፕሮቲን የሌለበት፣ ስኳርና ጨው ግን ያለበት ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ በፊኛ ውስጥ ያለው ሽንት ስኳር አልነበረበትም። ልቃቂቱ ያጣራል፤ ቱቦው ደግሞ ጠቃሚውን ይመልሳል ማለት ነው። በ1930ዎቹም ሆመር ስሚዝና ባልደረቦቹ ከዕፅዋት ሥር የሚገኘውን ኢኑሊን የተባለ ነገር በመጠቀም በሰው ኩላሊት የሚጣራውን መጠን ለኩ። በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 180 ሊትር ያህል ሆነ። ሃይደንሃይን የማይታመን ያለው 70 ሊትር ከእውነቱ እጅግ ያነሰ ነበር! ሆኖም ሃይደንሃይንም ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ የቱቦው ሕዋሳት አንዳንድ ነገሮችን ከደም እየወሰዱ በእርግጥ ወደ ሽንት ያስገባሉና።

አሁን ደግሞ ሉድቪግ ራሱ ሳይመልሰው የቀረውን ጥያቄ ተመልከቱ። የሚያጣራው የደም ግፊት ከሆነ፣ ግፊቱ ከፍ ሲል ምን ይከተላል? አንድ ተማሪ ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ የደም ግፊቱ ይነሣል። ግፊቱ በአንድ አራተኛ ቢጨምርና የሚጣራውም በዚያው ልክ ቢጨምር፣ 180 ሊትሩ 225 ሊትር ይሆናል። ቱቦው የሚመልሰው መጠን ካልተለወጠ፣ ተጨማሪው 45 ሊትር ሁሉ ሽንት ሆኖ ይፈስሳል። በሰው ሰውነት ውስጥ ያለው የደም ውሃ ግን ሦስት ሊትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ተማሪ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደሙ ይደርቅ ነበር። ይህ እንደማይሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲያው የሉድቪግን ኃይል የሚገታ ሌላ ነገር በኩላሊት ውስጥ መኖር አለበት።

ያ ነገር ቀስ በቀስ ተገኘ። በ1951 ዓ.ም. በውሾች ላይ የተደረገ ጥናት የደም ግፊት ከ80 እስከ 180 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲለዋወጥ፣ በኩላሊት የሚያልፈው ደምና የሚጣራው ፈሳሽ እምብዛም እንደማይለወጡ አሳየ። ለዚህ ሁለት ዘበኞች አሉ። የመጀመሪያው የገቢው የደም ሥር ግድግዳ ራሱ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤይሊስ በ1902 ዓ.ም. እንደገለጸው፣ የደም ሥር ጡንቻ በግፊት ሲወጠር ራሱን ይኰማትራል። ስለዚህ ግፊት ሲጨምር ገቢው ሥር ይጠባል፤ ትርፉ ግፊትም ወደ ልቃቂቱ አይደርስም። ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ሥሩ ይሰፋል። በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ጎርፍ ሲመጣ የቦዩን አፍ እንደሚያጠብ፣ ውሃ ሲያንስም እንደሚከፍት ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘበኛ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ከጽዋው የተነሣው ቱቦ ብዙ ከተጠማዘዘ በኋላ ዞሮ ወደ ተነሣበት ልቃቂት ይመለሳል፤ ከገቢውና ከወጪው የደም ሥሮች ጋር ይነካካል። ይህን ኢጣሊያዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1889 ዓ.ም.፣ ሉድቪግ በሕይወት ሳለ አስተውሎታል። ጥቅሙ ግን በ1960ዎቹ በጀርመን አገር በተደረገ ምርምር ተብራራ። በመነካኪያው ስፍራ ማኩላ ዴንሳ የተባሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን ጨው ይመረምራሉ። ብዙ ከተጣራ፣ ብዙ ጨው ይደርሳቸዋል፤ ያን ጊዜ ገቢው ሥር እንዲጠብ ምልክት ይሰጣሉ። ጨው ሲያንሳቸው ደግሞ ገቢው ሥር እንዲላላ ያደርጋሉ፤ ሬኒን የተባለ ነገርም ወደ ደም እንዲፈስስ ያዛሉ። በሬኒን አማካይነት የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን ወጪውን ሥር ያጠባል፤ መውጫው ሲጠብም በልቃቂቱ ውስጥ ያለው ግፊት እንዳይወድቅ ይደገፋል። እያንዳንዱ ማጣሪያ ሥራውን ራሱ እየመረመረ ራሱ ያርማል ማለት ነው።

ይህ ጥበቃ ግን ወሰን አለው። አንድ ሰው ብዙ ደም ሲፈስሰው ወይም በብርቱ ተቅማጥ ውሃው ሲያልቅና የደም ግፊቱ እጅግ ሲወርድ፣ ገቢው ሥር ከዚህ በላይ ሊሰፋ አይችልም። ያን ጊዜ የሚጣራው ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ሽንትም ያንሳል ወይም ይቋረጣል። ስለዚህ የተዳከመ ሕመምተኛ ሽንቱ ማነሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪሞች የሽንትን መጠን የሚከታተሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። በዙሪክ ግፊት ሲወርድ ሽንት መቀነሱን የተመለከቱት ሉድቪግና ጎል የዚህን እውነት አንዱን ጫፍ ይዘው ነበር።

ተማሪዎች፣ እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ሉድቪግ ኃይሉን አገኘ፤ ኃይሉን የሚቈጣጠረውን ግን አላገኘም። የማጣራቱን ሥራ ተረዳ፤ ቱቦው ሕያው ሆኖ የሚያደርገውን ድርሻ ግን አሳንሶ ገመተ። ሆኖም ሐሳቡን በልክና በቍጥር ስላቀረበ፣ ሃይደንሃይን በቍጥር ሊቃወመው ቻለ፤ ሪቻርድስም በቍጥር ሊፈርድ ቻለ። ኩላሊት የሚሠራው ሊታወቅ በማይችል የሕይወት ኃይል ነው ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ፣ የሚሳሳትበትም የሚታረምበትም ነገር ባልኖረ ነበር። ዛሬ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፊዚዮሎጂ ተቋም በስሙ ይጠራል። ከዚያ የሚበልጠው መታሰቢያው ግን፣ በዚህ ሰዓት እናንተ ይህን ምንባብ ስታነቡ እንኳ በጎንና ጎናችሁ ሥራውን ሳያቋርጥ የሚያጣራው ኩላሊታችሁ ነው።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ሉድቪግ ስለ ሽንት አፈጣጠር ያቀረበው ሐሳብ ከቦውማን ሐሳብ በምን ይለያል?
2. ሃይደንሃይን ያቀረበው ሒሳብ ብዙዎችን ያሳመነው ለምንድን ነው? በኋላ የተገኘው ልክስ ምን አሳየ?
3. ገቢው የደም ሥር ሲጠብ በልቃቂቱ ውስጥ ያለው ግፊት ምን ይሆናል? ወጪው ሲጠብስ?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በተነገሩበት አገባብ ከተረዳችሁ በኋላ፣ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

ጭምት፣ አዘነበለ፣ ልቃቂት፣ ተኰማተረ፣ ዘበኛ

ሐ. በምንባቡ ውስጥ አጠለለ፣ ተጠለለ፣ አጣራ፣ ተጣራ የሚሉት ግሶች ወይም ከእነርሱ የወጡ ቃላት የሚገኙባቸውን አምስት ዐረፍተ ነገሮች አውጡ። አድራጊና ተደራጊ የሆኑትንም ለይታችሁ አመልክቱ።

መ. አንድ ሰው በቅንነት ያቀረበው፣ በኋላ ግን ሌሎች ያረሙት ሐሳብ ለእውቀት ዕድገት ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።